የትናንቱ ትዕዛዝ ለነገው እንዲያስተምር

ስራው 60 ሙሉ ልብስ ነበር። ኮትና ሱሪ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ለአንድ ድርጅት ሰራተኞች። ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ ተሰቅሎ ሳየው ደስ አለኝ። ለማስረከብ ወደ ውጭ ስናወጣው ግን ክው ብዬ ቀረሁ። 14ቱ ሱሪዎች ከኮታቸው ጋር አይሄዱም። አምፖል ስር አንድ የነበረው ሰማያዊ፣ ፀሐይ ሲያገኘው አንዱ ወደ ወይን ጠጅ፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ ያደላል።

ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብንም። ጨርቁ የተገዛው በሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ሲያልቅብን ጨመርን። ስሙ አንድ፣ ቁጥሩ አንድ፣ የተነከረበት ዙር ግን ሌላ። ቀለም ከዙር ዙር ትንሽ ይለያያል። በአንድ ብርሃን ተመሳስሎ በሌላው ሊለያይም ይችላል። ይሄን ማንኛውም ልብስ ሰፊ ያውቀዋል።

እኔም አውቀው ነበር። ማታ ጋደም ብዬ ነው ትዝ ያለኝ። ከሶስት ዓመት በፊት፣ በ9 ቀሚሶች ላይ፣ ልክ ይሄው ደርሶብኛል። ያኔም ከልቤ አዝኜ "ሁለተኛ አይለምደኝም" ብዬ ነበር። ግን ደገምኩት።

ይሄን የሚያጽፈኝ ያን ሌሊት የገባኝ ነገር ነው። ነገሩ ደርሶብኛል እንጂ አልተማርኩበትም። "ሁለተኛ አይለምደኝም" ማለት ቁጭት ነው። ቁጭት በሳምንት ይበርዳል፣ ስራ ሲደራረብ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። የደረሰብን ነገር ትምህርት እንዲሆን ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። ውጤቱ ሳይታወቅ በፊት የተጻፈ ነገር መኖር አለበት። ከውጤቱ በኋላ ደግሞ ስራ ቦታው ላይ በእጅ የሚነካ ነገር መለወጥ አለበት። አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። እኔ ልብስ እሰፋለሁ። እናንተ እንጨት ትሰሩ ይሆናል፣ ስልክ ትጠግኑ ይሆናል፣ ጸጉር ትሰሩ ይሆናል። አካሄዱ ብዙ አይለያይም።

ስራው ሳይጀመር ጻፉ

አንድ ደብተር ያዙ። ኮምፒውተር ካላችሁም ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ደብተር የምመርጠው መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ስለሚቀመጥ ነው። ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ አንድ ገጽ ስጡት። ገጹን መሃል ላይ በመስመር ክፈሉት። ግራው ግምት ነው፣ ቀኙ የሆነው ነው። ግራውን ስራው ሳይጀመር ሙሉት።

እኔ ግራው ላይ የምጽፋቸው እነዚህን ነው። ስንት ቀን ይፈጃል። ስንት ሜትር ጨርቅ ይበላል። የስንት ሰው ስንት ሰዓት ይወስዳል። ደንበኛው መቼ ይከፍላል። መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ "ይሄን ስራ የተቀበልኩት እንዲህ ብዬ አስቤ ነው።" ይቺ ዓረፍተ ነገር ከቁጥሮቹ ሁሉ ትበልጣለች። "ትርፉ ትንሽ ነው፣ ግን ሌላ ስራ ያመጡልኛል ብዬ ነው" ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ከስድስት ወር በኋላ አመጡ ወይስ አላመጡም ብላችሁ ገልጣችሁ ታያላችሁ። ካልጻፋችሁት ግን ምክንያታችሁ ከውጤቱ ጋር አብሮ ይለወጣል። ስራው ከከሰረ "ድሮም አላማረኝም ነበር" እንላለን። ካተረፈ "አውቄው ነበር" እንላለን።

እንዲህ የምንሆነው ውሸታም ስለሆንን አይደለም። የሰው ትውስታ እንዲህ ነው የሚሰራው። ባሩክ ፊሽሆፍና ሩት ቤይዝ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1975 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያሳተሙት ጥናት አለ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1972 ወደ ቻይናና ሶቪየት ኅብረት ከመሄዳቸው በፊት፣ ከጉዞው ምን ምን ሊመጣ እንደሚችል ሰዎችን አስገመቱ። ጉዞው ካለፈ በኋላ የራሳቸውን ግምት እንዲያስታውሱ ጠየቋቸው። ሰዎቹ የሆነውን ነገር፣ በእርግጥ ከገመቱት በላይ "ይሆናል ብዬ ነበር" አሉ። ደብተር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ደብተሩ ያልነውን እንዳለ ይይዝልናል።

የቀኑ ግምት ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። በ1994 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ተጠየቁ። ባማካይ 34 ቀን ገደማ አሉ። ባማካይ የፈጀባቸው ከ55 ቀን በላይ ነው። ባሉት ቀን የጨረሱት ከሶስቱ አንዱ እንኳ አይሞሉም። ይሄን ሳነብ የራሴን ደብተር አወጣሁ። ያለፉትን 10 ትዕዛዞች ግራና ቀኝ አስተያየሁ። 12 ቀን ያልኩት 17 ፈጅቷል። 8 ያልኩት 11። 20 ያልኩት 29። አንዱም ቀድሞ አላለቀም። እኔ ደግሞ የዘገየሁበት ምክንያት በየጊዜው የተለያየ ይመስለኝ ነበር። አንዴ መብራት፣ አንዴ የታመመ ሰራተኛ፣ አንዴ ያልደረሰ ቁልፍ። ምክንያቱ ይለያያል፣ መዘግየቱ ግን በየትዕዛዙ አለ። ግማሽ ያህል ይጨምራል።

ስለዚህ አሁን ለደንበኛ ቀን ስናገር ልቤ ያለኝን አልናገርም። ልቤ 10 ቀን ካለኝ 15 እላለሁ። አንዳንዱ ደንበኛ ቅር ይለዋል። በ15ኛው ቀን ልብሱን ሲወስድ ግን ቅሬታው የለም። ድሮ 10 ብዬ በ15ኛው ቀን ስሰጥ፣ ያው 15 ቀን ነበር ያጣላን። እናንተም የራሳችሁን 10 ስራዎች አውጡና የራሳችሁን ቁጥር ፈልጉ። የኔን አትውሰዱ።

ካስረከባችሁ በኋላ ተቀመጡ

ቀኝ ገጹን የምሞላው ብቻዬን አይደለም። ስራው በተረከበ በሁለት ቀን ውስጥ ሁላችንም መቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ እንቆማለን። ከ15 ደቂቃ አያልፍም። ጥያቄዎቹ አራት ናቸው። ምን ሊሆን ነበር የታሰበው? ምን ሆነ? ለምን ተለያየ? በሚቀጥለው ምን እናድርግ? እነዚህን ጥያቄዎች እኔ አልፈጠርኳቸውም። የአሜሪካ ጦር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከልምምድ በኋላ ወታደሩንም አዛዡንም አንድ ላይ አስቀምጦ ሲጠያየቅባቸው የኖረ ነው። ከዚያ ወደ ሆስፒታልም ወደ ፋብሪካም ገቡ። ለአምስት ሰው ስራም ልክ ናቸው።

ጥያቄዎቹን ማወቅ ቀላል ነው፣ ከባዱ ሰው እንዲናገር ማድረግ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሶስት ስብሰባዎች ከንቱ ነበሩ። እኔ እናገራለሁ፣ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ እንበተናለን። አራተኛው ላይ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። ከሁሉ አዲስ የሆነው ሰራተኛ ይጀምራል፣ እኔ መጨረሻ እናገራለሁ። የ60ው ልብስ ጉዳይ የተነሳ ዕለት የጨርቅ ጠርዝ የሚዘጋው ማሽን፣ ኦቨርሎክ ላይ የምትሰራው ልጅ መጀመሪያ ደረሳት። መሬት መሬት እያየች፣

"እትዬ፣ እኔኮ ሱሪዎቹን ስይዛቸው ለየት ብለውኝ ነበር" አለች።

"ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?"

ዝም አለች። ቆራጩ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ባለፈው ስለ ክሩ ስነግርዎት፣ አሁን ጊዜ የለኝም ብለውኝ ነበር" አለች።

እውነቷን ነው። ብያታለሁ። ቀኑን ሁሉ አስታውሳለሁ፣ ስልክ ጆሮዬ ላይ ነበር። አንድ ደቂቃ አልሰጠኋትም። በዚያች አንድ ደቂቃ ምክንያት 14 ሱሪ ተፈታ። የዚያን ቀን ቀኝ ገጹ ላይ የመጀመሪያው መስመር ስለ ጨርቅ አይደለም። "ታይቶ ነበር፣ አልተነገረኝም፣ ምክንያቱ እኔ ነኝ" ይላል። በእጄ ስጽፈው እያዩኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሰው መናገር ጀመረ።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ብትወስዱ ይሄን ውሰዱ። ስህተቱን የነገራችሁን ሰው በዚያ ስህተት አትቅጡት። የአሜሪካ አቪዬሽን በ1976 እንዲህ ያለ አሰራር ጀምሯል። አብራሪም ሆነ የበረራ ተቆጣጣሪ የገጠመውን ችግር በፈቃዱ ጽፎ ይልካል። ጽሑፉን የሚቀበለው ፈቃድ የሚነጥቀው መስሪያ ቤት ሳይሆን ናሳ ነው። የጸሐፊውም ማንነት ይፋ አይወጣም። ሰው ሳይፈራ ስለሚጽፍ፣ አደጋ ሳይደርስ የሚታወቅ ነገር ይበዛል። አምስት ሰው በሚሰራበት ክፍል ማንነት መደበቅ አይቻልም። የሚቻለው ባለቤቱ በመጀመሪያ የራሱን ስህተት መናገሩ፣ የሌላውንም ሲሰማ ፊቱን አለማጨማደዱ ነው። ደመወዝ መቁረጥ ደግሞ ጭራሽ ይቅር። አንድ ጊዜ በተበላሸ ኮሌታ ምክንያት ከአንድ ሰፊ ላይ ቆርጫለሁ። ከዚያ በኋላ ለወራት የተበላሸ ኮሌታ አላየሁም። ስንፍናው ቀርቶ አይደለም፣ ይደበቅ ነበር። ደንበኛው ቤት ነው የሚገኘው።

ሰው ስም ላይ አትቁሙ

"ለምን ተለያየ?" የሚለው ሶስተኛው ጥያቄ ቶሎ የሰው ስም ላይ ይደርሳል። "ቆራጩ አላየውም።" እዚህ ላይ ከቆማችሁ ምንም አልተማራችሁም። ቆራጩን ብትቀይሩት አዲሱም ያንኑ ያደርጋል።

ቶዮታ ውስጥ ታይቺ ኦኖ የሚባሉት መሃንዲስ ሰራተኞቻቸውን "ለምን?" እያሉ አምስት ጊዜ እንዲጠይቁ ያስተምሩ ነበር። ምሳሌያቸው የቆመ ማሽን ነው። ማሽኑ ለምን ቆመ? ጭነት በዝቶበት ፊውዙ ተቃጠለ። ለምን ጭነት በዛበት? ኩሽኔታው በቂ ዘይት አላገኘም። ለምን? የዘይቱ ፓምፕ በደንብ አይገፋም። ለምን? ዘንጉ ተበልቷል። ለምን? ማጣሪያ ስላልተገጠመ የብረት ብናኝ ገብቶበት። ፊውዙን ብቻ ቢቀይሩ ማሽኑ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ ይቆማል።

የኛ እንዲህ ወረደ። ሱሪውና ኮቱ ለምን ተለያዩ? ከተለያየ ጣቃ ስለተቆረጡ። ለምን? የመጀመሪያው ሲያልቅ ጋሼ፣ ቆራጫችን ማለቴ ነው፣ ቅርቡ ያለውን ጣቃ ሳበ። ለምን ያን ሳበ? ጣቃዎቹ ላይ የትኛው መቼ እንደገባ የሚናገር ምንም ምልክት የለም። ሁለት ዓይነት ጣቃስ ለምን ኖረ? ጨርቁ ስላነሰን። ለምን አነሰ? ሜትሩን ያሰላሁት የ60ውም ሰው ልክ ሳይደርሰኝ ነው። 41 ሰው ተለክቶ ቀሪውን በግምት ሞላሁት፤ ከቀሩት ውስጥ ትልልቅ ልክ በዛ። ለምን ሳይደርሰኝ አሰላሁ? ደንበኛው አቻኮለኝ፣ እኔም ስራው እንዳያመልጠኝ ፈራሁ።

አያችሁ የት እንደደረሰ? ከመቁረጫው ጠረጴዛ ተነስቶ እኔ ስራ ስቀበል ወደማወራው ወሬ መጣ። አብዛኛው ጊዜ እንዲህ ነው። ችግሩ የሚታየው ታች ነው፣ የሚጀምረው ግን ባለቤቱ ቃል ሲገባ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። አምስት የሚለው ቁጥር ቅዱስ አይደለም። ሰንሰለቱም አንድ ብቻ አይደለም። "ለምን ልጅቷ አልተናገረችም?" የሚለው ሌላ ሰንሰለት ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። እኔ የምቆመው በነገው ዕለት በእጄ ልለውጠው የምችለው ነገር ላይ ስደርስ ነው። "ገበያው መጥፎ ነው" ላይ ከደረስኩ መንገድ ስቻለሁ ማለት ነው፣ እመለሳለሁ።

ትምህርቱን ወደ ዕቃ ለውጡት

"ከዛሬ ጀምሮ እንጠንቀቅ" የሚል ውሳኔ እኛ ዘንድ ተከልክሏል። ደብተሩ ላይም አይጻፍም። ጥንቃቄ የደከመ ሰው ላይ አይሰራም። ሰው ደግሞ ትዕዛዝ ሲበዛ ይደክማል። ስለዚህ እያንዳንዱ ትምህርት ወይ መደርደሪያ፣ ወይ ወረቀት፣ ወይ ቀን፣ ወይ ቅጽ ይሆናል።

ከ60ው ልብስ አራት ነገር ወጣ። አንደኛ፣ ጣቃ ሲገባ ጫፉ ላይ ቁጥርና ቀን የያዘ ወረቀት በመርፌ ይያዛል። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ጣቃ የመዳፍ ያህል ቁራጭ ተቆርጦ ደብተሩ ላይ ይለጠፋል፣ ቁራጮቹም በር ላይ፣ በቀን ብርሃን ጎን ለጎን ይታያሉ። ሶስተኛ፣ የአንድ ሰው ኮትና ሱሪ ከአንድ ጣቃ ብቻ ይቆረጣል። የተረፈው ጨርቅ ሌላ ሙሉ ልብስ ካልሞላ ይቀመጣል። አራተኛ፣ የትዕዛዝ ቅጻችን ላይ "የተለኩ ሰዎች ብዛት" የሚል ሳጥን ተጨመረ። ሳጥኑ ካልሞላ ጨርቅ አይገዛም። አሁን ደንበኛ ሲያቻኩለኝ ቅጹን አሳየዋለሁ። ከሰው ጋር ከመከራከር ወረቀት ማሳየት ይቀላል።

የማረጋገጫ ዝርዝር የሚባለውም የመጣው ከእንዲህ ያለ ሀዘን ነው። በ1935 አንድ አዲስ የቦይንግ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በሙከራ በረራ ላይ ተነስቶ ወዲያው ወደቀ። የአውሮፕላኑን መሪ ክንፎች መሬት ላይ የሚቆልፈው መቆለፊያ ሳይፈታ ነበር የተነሱት። አብራሪው እጅግ የተካነ ሰው ነበር። የበረራ ሰዎቹ የወሰዱት እርምጃ ሌላ የተሻለ አብራሪ መፈለግ አልነበረም። ከመነሳት በፊት የሚነበብ አጭር ዝርዝር አዘጋጁ። ያው አውሮፕላን በኋላ በሺዎች ተመርቶ በረረ።

አጭር የሚለው ቃል ላይ ልጫን። የኔ ግድግዳ ላይ ያለው ዝርዝር ከ9 መስመር አይበልጥም። አዲስ ከገባ አንድ ይወጣል። አንድ ሰሞን 23 መስመር ደርሶ ነበር፣ ያኔ ማንም አያነበውም። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ደግሞ የተጻፈበትን ቀንና በየትኛው ትዕዛዝ ምክንያት እንደመጣ ጻፉ። ምክንያቱ ያለፈበት ደንብ ሰውን ያሰለቻል። አንድ ጊዜ "ዚፕ ከሁለት ቀን በፊት ይቆጠር" የሚል መስመር ነበረን። ዚፑ የሚመጣበት መንገድ ከተቀየረ ዓመት አልፎት እኛ አሁንም እንቆጥር ነበር።

አንድ ወር አይቶ አለመፍረድ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ከባዱን ስህተት የሰራሁት እዚህ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ነገር ቀየርኩ። የሰፊዎቹን ክፍያ በወር ከመሆን በሰፉት ልክ አደረግኩት። በዚያው ሰሞን ማሽኖቹን ወደ መስኮቱ አስጠጋኋቸው። ምርት ጨመረ። "ክፍያው ነው" ብዬ ደመደምኩ፣ ለሰውም መከርኩ።

ከሶስት ወር በኋላ ደብተሩ ሌላ ነገር አሳየኝ። ተፈቶ ዳግም የሚሰፋው ልብስ በፊት ከ100ው 4 ነበር፣ አሁን 11 ደርሷል። ሰው ለቁጥር እየሰፋ ነው። ክፍያውን ወደ ወር መለስኩት፣ ማሽኖቹን ግን መስኮቱ ጋ ተውኳቸው። የሚፈታው ወደ 5 ወረደ። ምርቱ ግን ከጨመረበት አልወረደም። ብርሃኑ ነበር የጠቀመን። ሁለቱን አንድ ላይ ባልቀይር ኖሮ ሶስት ወር አላጠፋም ነበር። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ቀይሩ። ከመቀየራችሁ በፊት የድሮውን ቁጥር ጻፉ። ቢያንስ የሚመሳሰሉ ሶስት አራት ስራዎች እስኪያልፉ አትፍረዱ። የምትለኩትም ነገር ከአንድ ይብለጥ፣ ፍጥነት ሲጨምር ጥራት ምን ሆነ የሚለውን የሚያሳይ ሁለተኛ ቁጥር ይኑራችሁ።

የተሳካ ስራም እንደዚሁ ያታልላል። አንድ ዓመት ትዕዛዝ ሳይኖር ብዙ ጨርቅ ገዝቼ አከማቸሁ። በወሩ አንድ ደንበኛ መጥቶ ሁሉንም ጨረሰልኝ። በሚቀጥለው ዓመት ደገምኩት፣ ጨርቁ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። የመጀመሪያው ግዢ ውጤቱ ጥሩ ነበር፣ ውሳኔው ግን ጥሩ አልነበረም። አሁን ሲሳካልንም እንቀመጣለን። "ይሄ የተሳካው ባሰብነው ምክንያት ነው?" ብለን ግራውን ገጽ እናያለን። ግራው ላይ ያልተጻፈ ነገር ካተረፈን፣ ያን ትርፍ እንደ ስጦታ እንቀበላለን እንጂ እንደ ዘዴ አንይዘውም።

ገንዘቡንም እንዲሁ

ስለ ሂሳብ አያያዝ ብዙ አልልም፣ እሱ የራሱ ትምህርት ነው። አንድ ነገር ብቻ። "ደንበኛው መቼ ይከፍላል" ለሚለው መስመር ቀኙን ሳትሞሉ አትለፉ።

አንድ ትልቅ ደንበኛ ነበረኝ። ከስራዬ ግማሽ ያህሉ ከሱ ነው። በውላችን መሰረት ከርክክብ በኋላ በ30 ቀን ይከፍላል። በኔ ልብ እሱ ነበር ቤቱን ያቆመው። ደብተሩ ላይ ቀኞቹን ስደረድራቸው 68፣ 74፣ 81 ቀን ይላሉ። በዚያ መሃል ክር፣ ገበርና ደመወዝ የሚከፈለው ልክ ለማጥበብና ሱሪ ለማሳጠር ከሚመጡት ትንንሽ ደንበኞች ገንዘብ ነው። እነሱን ደግሞ "ነገ ተመለሱ" የምላቸው ለሱ ስራ ስል ነበር። ትርፍ በወረቀት አለ፣ በእጅ የለም።

አልተጣላሁትም። ቁጥሮቹን ይዤ ሄድኩና አስረዳሁት። ከዚያ ወዲህ ሲያዝ ግማሹን ቀብድ ይከፍላል። ልብሱንም በሁለት ዙር ነው የምናስረክበው፣ የመጀመሪያው ሳይከፈል ሁለተኛው አይወጣም። ለጥቃቅን ማስተካከያዎች ደግሞ በየቀኑ ጠዋት የሁለት ሰዓት ጊዜ ለየሁ፤ የማንም ትልቅ ትዕዛዝ አይነካቸውም።

ያልተመለሱትን ጠይቁ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አብርሃም ዋልድ የሚባሉ የሂሳብ ሊቅ ከውጊያ የተመለሱ አውሮፕላኖች የት የት እንደተመቱ እየታየ የት ላይ ብረት መጨመር እንዳለበት ያጠኑ ነበር። የሳቸው ሐሳብ ቁልፍ ነገር ይሄ ነው፦ የምናያቸው ተመትተው የተመለሱትን ብቻ ነው። የተመለሱት ላይ ምልክት የሌለበት ቦታ ምናልባት እዚያ የተመታው አውሮፕላን የማይመለስበት ቦታ ነው።

ደንበኛም እንዲህ ነው። እኔ አስተያየት የምጠይቀው የሚመለሱትን ነበር። እነሱ ደግሞ ወደውኝ ነው የሚመለሱት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ አሰፍተው ለጠፉ 9 ሰዎች ደወልኩ። 6ቱ አነሱ። "ምን አስቀይሜዎት ነው?" አላልኩም፣ እንዲህ ሲጠየቅ ሰው ይሉኝታ ይይዘውና "ኧረ ምንም" ይላል። "ከዚያ በኋላ ልብስ ሲያሰፉ የት አሰፉ፣ እዚያ ምን ተሻለዎት?" አልኩ። ስለ ሌላው ሲጠየቅ ሰው በነጻነት ያወራል። 4ቱ ስፌቴን አመሰገኑ። "ግን መቼ እንደሚያልቅ አላውቅም ነበር፣ ሁለት ጊዜ በከንቱ ተመላለስኩ" አሉ። ስፌቱ ላይ ስለፋ ዓመታት ፈጅቻለሁ፤ ሰው የሸሸኝ በሌላ ነው። አሁን ከቀጠሮው ሁለት ቀን በፊት እንደውላለን። ደርሷልም ቢሆን፣ አልደረሰምም ቢሆን።

ከየት ትጀምሩ

ሁሉንም በአንድ ሳምንት አትጀምሩ። ነገ የምትቀበሉትን አንድ ትዕዛዝ ምረጡ። ገጹን ለሁለት ክፈሉ፣ ግራውን ሙሉ፣ ቀን ጻፉበት። ስታስረክቡ 15 ደቂቃ ተቀመጡ። አንድ ነገር ብቻ ወደ ዕቃ ለውጡ። በሚቀጥለው ትዕዛዝ ሌላ አንድ።

ስራው ከለመዳችሁት የሚበልጥ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ጋሪ ክላይን የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ2007 የጻፉበትን ዘዴ ሞክሩ። ሁላችሁንም ሰብስቡና "ሁለት ወር አልፏል፣ ይሄ ስራ ከሽፏል። ምን ሆኖ ነው የከሸፈው?" ብላችሁ ሁሉም በየራሱ ወረቀት ላይ እንዲጽፍ አድርጉ። "ችግር ይታያችኋል?" ብዬ ስጠይቅ ዝም የሚሉ ሰዎች፣ እንዲህ ስጠይቅ ገጽ ይሞላሉ።

በየሶስት ወሩ አንድ ሰዓት ስጡና ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ አንብቡት። ብዕር ይዛችሁ አንብቡ። ሁለት ጊዜ የመጣ ስህተት ስታገኙ አክብቡት። ሁለት ጊዜ የመጣ ማለት ያኔ የወሰዳችሁት እርምጃ አልሰራም ማለት ነው፤ ደንቡን ጣሉና ሌላ ፈልጉ።

ባለፈው ሳምንት 35 ሙሉ ልብስ ታዘዝን፣ ግራጫ። ጋሼ ከሶስት ጣቃ ሶስት ቁራጭ ቆርጦ በር ላይ ይዞ ወጣ። ኦቨርሎኳ ልጅ ማሽኗን አቁማ ተከተለችው። ሁለቱን አንድ ላይ ያዘች፣ ሶስተኛውን ለብቻ። "እትዬ፣ ይቺ ትለያለች" ብላ ከውስጥ ጠራችኝ። ስልኩን ዘግቼ ወጣሁ።